በትንሽ መኪና ባሌ መድረስ፦ ያለ ፎር ዊል እያደሩ ለመጓዝ የጀማሪ መመሪያ

«ያለኝ ቪትዝ ነው። ድንኳን ጭኜ ባሌ ልሄድበት እችላለሁ ወይስ ፎር ዊል እስክገዛ ልጠብቅ?»

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ቪትዙ አንዳንዴ ያሪስ ይሆናል፣ አንዳንዴ የድሮ ኮሮላ። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ አትጠብቁ፣ ሂዱ። ግን ጭነታችሁ ይቅለል። የማታውቁትን መንገድ ከመግባታችሁ በፊት በእግር እዩት። መመለስ ሲያስፈልግ ደግሞ በጊዜ ተመለሱ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ የእነዚህ የሦስቱ ዝርዝር ነው።

መንገዱ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን ላንጋኖ እናድራለን። ከዚያ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ እንገባለን። ከዲንሾ ሮቤና ጎባ፣ ከጎባ ሳነቴ፤ ሳነቴ የባሌ ተራሮች አናት ላይ ያለው ከፍተኛ ሜዳ ነው። እስከ ጎባ አስፋልት ነው፤ ከጎባ ወደ ላይ ኮረኮንች ነው። ለጀማሪ የምመርጠው ከባዱ ክፍል መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነው። ጎባ ደርሳችሁ ልባችሁ ካልፈቀደ ብዙ ሳታጡ ትመለሳላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት ትንሽ መኪና ጭቃ ላይ ለምን እንደሚያዝ ይግባን። ሞተሩ የሚያዞረው ሁለት ጎማ ብቻ ነው። በቪትዝና በያሪስ ሁለቱም የፊቶቹ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ጭቃ ላይ ካረፈ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ኃይሉን ለሚንሸራተተው ይለቅለታል። ደረቅ መሬት የረገጠው ዝም ብሎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

ለመኪናው፦
- ከሌሎቹ ጋር እኩል ልክ ያለው ስኮርታ ጎማ
- ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ክሪኩ ሥር የሚነጠፍ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ሳንቃ
- የጎማ አየር መለኪያ፣ መኪናው ውስጥ ተሰክቶ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር
- አጭር አካፋ
- ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ
- መጎተቻ ገመድ፣ ከመኪናው ጋር የመጣው ተጠምዝዞ የሚገባ የመጎተቻ ቀለበት
- የባትሪ ኬብል፣ ትርፍ ፊውዝ፣ ትርፍ ቺንጋ፣ ሽቦ፣ ፕላስተር
- 1 ሊትር የሞተር ዘይት፣ 2 ሊትር ኩላንት
- አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን
- የልክ ዱላ (ደረጃ 2 ላይ አለ)

ለእናንተ፦
- ድንኳን፣ ወፍራም ፍራሽ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ በላዩ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ
- ውሃ፣ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር
- ትንሽ ቡታጋዝ፣ አንድ ድስት፣ ጀበና
- ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ
- የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን
- መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፤ መኪናው የሰው ከሆነ የውክልና ወረቀት
- በዝርዝር ብር

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ። አገራችን ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ድሮም አላት። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ። ሁሉም ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ፍሪጅ አይፈልግም። ምስርና ባቄላ ግን ተዉት። ውሃ 4,000 ሜትር ላይ 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ጥራጥሬ እስኪበስል ቡታጋዙ ያልቃል።

1. ወቅት ምረጡ

ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። የባሌ ዝናብ እንደ አዲስ አበባ ክረምት ብቻ አይደለም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እየመጣ የሚሄድ ነው። ለፎር ዊል ጭቃ ሥራ ማብዛት ነው፤ ለእናንተ ግን የጉዞው ማብቂያ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ወቅት መምረጥ ከየትኛውም ውድ መለዋወጫ ይበልጣል፤ ደግሞ በነጻ ነው።

በደረቁ ወቅት ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይበርዳል። ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብርዱን በልብስ ትችሉታላችሁ፣ ጭቃውን ግን አትችሉትም።

2. መኪናችሁን ለኩ

ይህን ደረጃ ሁሉም ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት።

መኪናውን ልትጓዙ ባሰባችሁት ሰውና ዕቃ ጫኑት። ባዶውን መለካት አይረባም፤ ዕቃ ሲጫን ወገቡ ይወርዳል። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ዝቅ ያለውን ነገር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ወይ የዘይት ኮፓው (የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት) ነው ወይ የማርሚታው ቱቦ። ከዚያ ነጥብ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ከስንዝር ያንሳል፤ ሲጫኑ 12 ወይም 13 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል።

አሁን አንድ ቀጥ ያለ ዱላ ያዙ። ከታች ጀምራችሁ ያን ልክ አስቀምጡና በቢላ ቁረጡበት። ከዚያ ምልክት ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ ሌላ ምልክት አድርጉ። የልክ ዱላችሁ ይህ ነው። የኔ ባህር ዛፍ ነው፣ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ይቀመጣል። እጀታው ከመነካካት ብዛት አብረቅርቋል።

መንገድ ላይ የሚያሰጋ ድንጋይ ወይም ጉብታ ስታገኙ ወርዳችሁ ዱላውን ከጎኑ ታቆማላችሁ። ድንጋዩ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ እለፉበት። በሁለቱ ምልክቶች መሃል ከሆነ ሌላ መስመር ፈልጉ። ካለፈ ወይ ድንጋዩን አንሱት ወይ ተመለሱ። ጥቅሙ ይህ ነው፦ ዓይን ይሳሳታል፣ በተለይ ሲደክም። ዱላ አይደክምም።

3. ጎማውን አስተካክሉ

ገንዘብ ካላችሁ ጎማ ላይ አውጡት። ከመሬት ጋር የሚያገናኛችሁ እሱ ብቻ ነው።

የጎማውን ዕድሜ አንብቡ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ተጽፏል። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ጥሩ ቢመስልም ከ6 ዓመት ያለፈ ጎማ ለዚህ ጉዞ አልወስድም፤ ላስቲኩ ይደርቅና ስለታም ድንጋይ ጎኑን ይቀደዋል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ አይደፈንም።

ስኮርታውን አውጥታችሁ እዩት። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ቀጭን ጊዜያዊ ጎማ ይዘው ነው የሚመጡት። ያ ጎማ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳበት ራሱ ላይ ተጽፏል። ለኮረኮንችም አልተሠራም። ሙሉ ልክ ያለው ጎማ ከነቸርኬው ግዙና ተኩት። ቀዳዳው ውስጥ ካልገባ የኋላ ወንበር ላይ ይተኛ። ግድ ሆኖ ቀጭኑን ከተጠቀማችሁ የፊት ላይ አትሰሩት። ደህናውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አምጡና ቀጭኑን ኋላ አድርጉት። መኪናውን የሚጎትተውም አብዛኛውን ፍሬን የሚይዘውም የፊቱ ነውና።

ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ጎማችሁን ራሳችሁ ፈታችሁ ግጠሙ። ቤታችሁ በር ላይ፣ በቀን። አንድ ጊዜ ዶዶላ ላይ አንድ ጎሚስታ የኔን ብሎኖች ለመፍታት ቁልፉ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ዘለለበት። አዲስ አበባ ያጠበቀው ሰው በማሽን ነበር ያጠበቀው። እኔ ብቻዬን ሜዳ ላይ ሆኜ ቢሆን ፈጽሞ አልፈታውም ነበር። ስለዚህ ቁልፉ በእጃችሁ እንደሚፈታ አረጋግጡ። የቁልፉን እጀታ የሚያስረዝም የብረት ቱቦም ያዙ።

4. ጋራዥ ውስጥ የሚታዩ ነገሮች

መካኒኩን «ሰርቪስ አድርግልኝ» ብቻ አትበሉት። ዝርዝር ስጡት።

ራዲያተር። ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ላይ ዝም ብለን የቧንቧ ውሃ ነው የምንሞላው። ሳነቴ ጫፍ ያደረ መኪና ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ይሆናል። በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ሲሰፋ ራዲያተሩን፣ ሲብስም ሞተሩን ይሰነጥቃል። ውሃው ይፍሰስና ትክክለኛ ኩላንት ይሞላ።

ፍሬን። ሸራው ይታይ፣ የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር። ያረጀ የፍሬን ዘይት ውሃ ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ባትሪ፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ጎማዎች፣ የፊት እግር ላይ ያሉት የላስቲክ ኮፍያዎች። የመጨረሻዎቹ ከተቀደዱ አቧራ ገብቶ እግሩን ይበላዋል።

የኮፓ መከላከያ። ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጠው ይሠሩላችኋል። ሁለት ነገር ንገሯቸው፦ የዘይት ማፍሰሻው ላይ ቀዳዳ ይኑረው፣ አየር የሚያስገባ ክፍተትም ይተው። ካልሆነ ሞተሩ ይግላል። እኔ ለትንሽ መኪና የማስጨምረው ብቸኛ ነገር ይህ ነው። ሞላውን ማስነሳት፣ ትልልቅ ጎማ ማስገባት፣ መብራት መደርደር ለጀማሪ አያስፈልግም። መኪናውን ከፍ ማስደረግ የፊት እግሩን ማዕዘን ያበላሻል፤ የዳናችሁትን ድንጋይ ያህል ሌላ ችግር ያመጣል።

5. ጭነት

ለትንሽ መኪና ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ300 ኪሎ አላሳልፍም። የእናንተ መኪና መመሪያ ከዚያ ያነሰ ካለ እሱን ስሙት። ሁለት ሰው ሲሆን ምቹ ነው። ሦስት ሲሆን ዕቃ መቀነስ አለበት። አራት ሰው ከነድንኳኑ ቪትዝ ውስጥ አይሆንም። ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። ሁለት መኪና ሁኑ። ሁለት መኪና ሲሆኑ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ዕቃውን የቤት ሚዛን ላይ አውጡት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ሲታይ ግን ቀላል ይመስላል።

አቀማመጡ ከክብደቱ እኩል ዋጋ አለው። ውሃውና ከባዱ ዕቃ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ወለሉ ላይ ይሁን። ሞተሩ ያለው ፊት ነው፣ የሚጎትቱት ጎማዎችም ፊት ናቸው። ከባዱን ነገር ኋላ ጫፍ ላይ ብትጭኑት የመኪናው አፍንጫ ይነሳል። ዳገት ላይ የፊት ጎማው መሬት መቆንጠጥ ያቅተዋል። ፖርቶመጋላ (ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ላይ ቀላል ነገር ብቻ፦ ድንኳን፣ ፍራሽ። አካፋው፣ ጆንያውና ገመዱ ግን ከሁሉም በላይ ይቀመጡ። ጭቃ ውስጥ ሆናችሁ ሻንጣ ማራገፍ የለባችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና ውስጥ ቤንዚን በፕላስቲክ ጀሪካን አትያዙ። ትነቱ ብቻውን ይቀጣጠላል። በዚህ መንገድ አያስፈልግምም። ጋኑ ግማሽ ሲደርስ ባገኛችሁት ማደያ ሙሉ፣ ጎባ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ጢም አድርጉት። ማደያ ላይ ክፍያው በስልክ ነው፤ ስለዚህ የስልካችሁን ባትሪ እንደ ነዳጅ ቁጠሩት።

6. ላንጋኖ ላይ ተለማመዱ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ፈጣን መንገድ ስላለ በጠዋት ከወጣችሁ እኩለ ቀን ሳይሞላ ትደርሳላችሁ። ሐይቁ ዳር ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን የሚያስተክሉ ማረፊያዎች አሉ።

ከተቻለ ይህን እንደ ራሱ የቻለ ጉዞ አድርጉት፤ ከባሌ ሁለት ሳምንት በፊት ሄዳችሁ አንድ ሌሊት አድራችሁ ተመለሱ። ድንኳኑን በብርሃን ትከሉ፣ ከዚያ አፍርሱና በጨለማ ድገሙት። ራት ሠርታችሁ ብሉ። ጠዋት ያልተጠቀማችሁበትን ዕቃ ሁሉ ለብቻ ከምሩት። እሱ ባሌ አይሄድም። ከመለዋወጫ፣ ከመድኃኒትና ከብርድ ልብስ በቀር።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪናውን ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ አትንዱት። ላዩ ደረቅ ነው፣ ሥሩ ውሃ ነው።

7. ወሬ ጠይቁ፣ በጊዜ ተነሱ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታጣሩ አትውጡ። የትናንት ወሬ አይበቃም። ከሁሉ የተሻለ መረጃ ያለው ዛሬ ጠዋት ከዚያ የመጣ ሾፌር ጋ ነው። መናኸሪያ ሂዱና ጠይቁ። የምታድሩበት ከተማ ያለ ሆቴልም ደውሉ። ሁለት ሰው «ተዉት» ካለ ተዉት።

ቤት ለቀረ አንድ ሰው ወረቀት ስጡ። የት የት እንደምታድሩ፣ መቼ እንደምትደውሉ፣ ስንት ሰዓት ካለፈ መጨነቅ እንዳለበት ይጻፍበት። ከዲንሾ በኋላ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ አለ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ውጡ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ግቡ። በማታ አትንዱ። ይህን ምክር ብቻ አይደለም የምለው፣ እለምናችኋለሁ። ጋሪ መብራት የለውም። አህያና ከብት አስፋልቱ ሙቅ ስለሆነ መሃሉ ላይ ይተኛሉ። የተበላሸ ሲኖትራክ ከኋላው ድንጋይ ብቻ ደርድሮ ይቆማል።

8. ኮረኮንች ላይ አነዳድ

አስፋልቱ ሲያልቅ ቁሙ። ከጎማው አየር ቀንሱ። በር ላይ የተለጠፈው ልክ 32 ፒኤስአይ ከሆነ ወደ 26 አውርዱት። ጎማው ትንሽ ሲለሰልስ ድንጋዩን ይውጠዋል፤ አይነጥርም፣ አይቀደድም። መሬቱንም ሰፋ አድርጎ ይይዛል። ከዚህ በኋላ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ። አስፋልት ስትመለሱ መልሳችሁ ንፉት፤ ለስላሳ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይፈነዳል።

መንገዱ እንደ ቀሚስ ተሸንሽኖ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ፍጥነት ጨምሮ ማለፍን የሚመክራችሁ ሰው ይኖራል። ለትንሽ መኪና አይሆንም። ጎማው ከመሬት ይነሳና መሪውም ፍሬኑም አይሰማም። ቀስ በሉ፤ ጊዜ አላችሁ።

የጭነት መኪና የቆፈረው ሁለት ቦይ ስታዩ ቦዩ ውስጥ አትግቡ። የነሱ ጎማ ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ የቀረው ጉብታ የእናንተን ሆድ ያነሳዋል። አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን የመንገዱ ዳር ላይ አድርጋችሁ ሂዱ። ካጠራጠረ ዱላውን አውጡ።

ቁልቁለት ስትወርዱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ኤል ወይም ሁለት ላይ አድርጉት። ሞተሩ መኪናውን ይይዝላችኋል። ፍሬን ብቻ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ሸራው ግሎ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል።

9. ውሃና ዋልካ

ውሃ ካገኛችሁ መጀመሪያ በእግር ተሻገሩት፣ በዱላችሁ እየለካችሁ። ሥሩ ድንጋይ ከሆነ፣ ጥልቀቱ ከላይኛው ምልክት ካላለፈ፣ ውሃውም ካልፈጠነ ማለፍ ትችላላችሁ። ካለፈ አይሆንም። የትንሽ መኪና አየር መሳቢያ ዝቅ ያለ ነው። አንድ ጉንጭ ውሃ ከሳበ ሞተሩ ውስጥ ያለው ብረት ይታጠፋል። ለዚያ መንገድ ላይ መፍትሔ የለም።

ጥቁር አፈር ግን ሌላ ነው። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሰነጠቃል፣ ለመንዳት ደስ ይላል። ግማሽ ሰዓት ዝናብ ከመታው ወደ ሙጫ ይለወጣል። እኔ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ አንድ የእርሻ መንገድ ላይ ገብቼበታለሁ። ርቀቱ 200 ሜትር ነበር። ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞላው። ጎማው የተለሰነ ግድግዳ መሰለ፣ ጥርስ የሚባል አልታይህ አለኝ። ከዚያ የጭቃ መከላከያው ውስጥ ታጭቆ ጎማው መዞርም አቃተው። የአካባቢው ሰዎች ዶማና የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘው መጡ። ለመውጣት አራት ሰዓት ፈጀብን። ከእነሱ የተማርኩትን ቀጥሎ ጽፌዋለሁ።

ዝናብ ላይ ወይም ከዝናብ ማግስት ዋልካ ላይ አትግቡ። መሬቱ ጥቁር ሆኖ ጫማችሁ ሥር ከተጣበቀ በቂ ምልክት ነው።

10. ሲያዝ

ሀ. ጎማው መሽከርከር እንደጀመረ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ። እያንዳንዷ ሰከንድ መኪናውን ታሰምጣለች።

ለ. ሁሉም ሰው ይውረድ። ሁለት ሰው ሲወርድ 140 ኪሎ ቀለለ ማለት ነው።

ሐ. ወደ ኋላ ለመውጣት ሞክሩ። የመጣችሁበት መሬት ችሎ አሳልፏችኋል። ፊታችሁ ያለውን ግን አታውቁትም።

መ. ከመግፋት በፊት ቆፍሩ። ከጎማው ፊትና ኋላ ያለውን ጭቃ አንስታችሁ ተዳፋት አድርጉት። ሆዱ መሬት ከነካ ሥሩንም ጥረጉ። የቡታጅራዎቹ ሰዎች አንድም ጊዜ ሳይገፉ ግማሽ ሰዓት ቆፈሩ። ሲገፉ በአንዴ ነቃ።

ሠ. ጆንያዎቹን ከሚነዱት ጎማዎች ሥር አስገቧቸው፣ በደንብ ገፍታችሁ። ቅርንጫፍም ጠጠርም ይጨመር። አየሩን ወደ 20 አውርዱት።

ረ. በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ በጣም በትንሹ። ስትነቁ ጠንካራ መሬት እስክትደርሱ አትቁሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጎማ ሲሽከረከር ጆንያውን አስፈንጥሮ ይወረውራል፤ ከጎማው ቀጥታ ፊትና ኋላ ማንም አይቁም። በገመድ ሲጎተት ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። ገመዱን ከመጎተቻው ቀለበት በቀር ሌላ ቦታ አትሰሩ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥርም በፍጹም አትግቡ።

11. ማደር

ዲንሾ ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት አለ። የመግቢያ ክፍያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚ የሚገኘውም እዚያው ነው፤ ድንኳን መትከያም አለው። ከባህር ጠለል 3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ አንድ ሌሊት ማደር ሰውነታችሁን ያለማምዳል። ይህን ሌሊት ዘልላችሁ በቀጥታ ሳነቴ አትውጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ከጀመራችሁ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጠንከር በል እያሉ ጓደኛን ማቆየት አደጋ አለው።

ከፓርክና ከሆቴል ግቢ ውጭ ማደር ካለባችሁ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። የመንደሩን ትልቅ ሰው ሰላም በሉ፣ ማንነታችሁንና የት እንደምትሄዱ ንገሩ፣ ፈቃድ ጠይቁ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ያላችሁ ሰው ሌሊቱን ይጠብቃችኋል። ሳትጠይቁ ድንኳን ከተከላችሁ ግን በሁሉም ዓይን እንግዳ ናችሁ። ለሚጠብቃችሁ ሰው ክፍያውን ማታ ተስማሙ፣ ጠዋት ስጡ።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። ዲንሾ ላይ ከርከሮ ግቢው ውስጥ ይዞራል፣ ጅብም አለ። ሁሉም መኪና ውስጥ ይቆለፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ ብርዱ ቢጠናም ከሰል ድንኳን ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ አታስገቡ። የከሰል ጭስ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለው፤ ተኝታችሁ አትነሱም። ቡታጋዙም ውጭ ብቻ። ለሙቀት የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ፤ እስከ ንጋት ያደርሳል።

12. ሳነቴ

ከጎባ ጠዋት ውጡ። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ መኪናችሁ ሲደክም ይሰማችኋል። አልተበላሸም። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባህር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህል ያጣል። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ውጡ፣ የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ። ከፍ ካለ ቁሙ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ አሳርፉት። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እያለ አትክፈቱ።

ዳገቱ ላይ የፊት ጎማው እየተንሸራተተ እምቢ ካለ፣ መንገዱም ሰፊና ባዶ ከሆነ፣ አጭሯን ቁራጭ በኋላ ማርሽ መውጣት ይቻላል። ያኔ ክብደቱ ወደሚነዱት ጎማዎች ይወርዳል። ከአንድ ዳገት በላይ ይህን ማድረግ ካስፈለጋችሁ ግን መንገዱ ለእናንተ አይደለም።

ሜዳው ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ቀይ ቀበሮ መንገዱን ያቋርጣል። በዓለም ላይ የቀሩት ከጥቂት መቶ አይበልጡም፣ አብዛኞቹም ያሉት እዚህ ባሌ ነው። ከመንገዱ አትውጡ፣ አትመግቧቸው፣ ውሻችሁን ይዛችሁ አትምጡ። የውሻ በሽታ ይጨርሳቸዋል።

ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደውን መታጠፊያ በመኪና አትውጡት። መገንጠያው ጋ አቁሙና በእግር ውጡ። ጫፉ 4,377 ሜትር ነው፤ ዝግ ብላችሁ ሂዱ።

መኪናውን የምታዞሩት ሜዳው ላይ ነው። ከሳነቴ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደውን መንገድ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም። መውረዱ አይከብድም፤ ሐረና ላይ ዝናብ ከጣለ ግን ያንኑ ጠመዝማዛ ዳገት በሁለት ጎማ መመለስ አለባችሁ።

ብዙ የማያቸው ስህተቶች

- አየር ቀንሶ ሳይነፉ አስፋልት ላይ 100 መንዳት።
- የመጎተቻውን ቀለበት ቤት ትቶ መምጣት። ከክሪኩ ጋር መኖሩን ዛሬ እዩ።
- ካርታው ላይ ያለው አቋራጭ። ስልኩ የሚያሳየው መስመር የበቅሎ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ጠይቁ።
- «ፎር ዊሉ አልፏል» ብሎ መከተል። የሱ ሆድ ከእናንተ ይበልጥ ከመሬት ይርቃል።
- መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት አድርጎ ማሳደር። ባትሪው በብርድ ከደከመ ማንዋል መኪና በቁልቁለት ገፍታችሁ ታስነሳላችሁ፤ አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ይሁን፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ።
- ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ መውጣት፣ ከዚያ ለመድረስ ሲሉ ማታ መንዳት።

13. ስትመለሱ

በማግስቱ መኪናውን ከሥር አሳጥቡት፤ ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅና የዘይት ጠብታ የሚታየው ያኔ ነው። አየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አራግፉት፣ ከጠቆረ ቀይሩት። የጎማ ብሎኖችን አጥብቁ፤ የኮፓ መከላከያውንም እንዲሁ፣ ኮረኮንች ያላላቸዋል። አራቱንም ጎማዎች በእጃችሁ ዳብሱ፣ ከውስጥ በኩል ጭምር። ያበጠ ቦታ ካገኛችሁ ያ ጎማ ከከተማ አይወጣም። ከዚያ ዱላውን ከሾፌሩ ወንበር ጎን መልሱት።